ሁለቱ «የመጨረሻ» ፋይሎች

በነርሶች ማሠልጠኛው የመድኃኒት አሰጣጥ የምታስተምረው መምህርት በቤቷ ሥርዓት የምትወድ ሴት ናት። ማንኪያ ያለቦታው ካየች እንቅልፍ አይወስዳትም። የኦንላይን መማሪያ ገጿ ግን ሌላ ጉድ ነበር፤ በየዓመቱ ያዘጋጀችው ሁሉ እዚያ ላይ ተደራርቦ ተከምሯል። «የመጨረሻ» የሚል ፋይል አለ፤ «የመጨረሻ አዲሱ» አለ፤ «ይሄኛው ነው የመጨረሻው» የሚልም አለ። ተማሪዎች ሲያማርሩ «ፈልጉ፣ አታጡትም» ትላቸዋለች። ማቀዝቀዣ የሚጠግነው ባሏ አንድ ቀን ከኋላዋ ቆሞ አየና «የኔ የብሎን ሣጥን እንኳ ከዚህ ይሻላል» ብሎ ሳቀባት። እሷም አብራው ሳቀች፤ ነገሩ በዚያው ቀረ።

አንድ ቀን ጠዋት ግማሹ ክፍል ለልምምድ ሆስፒታል ወጥቶ የቀሩትን እያስተማረች ሳለ፣ ጓደኞቹ «ሬዲዮ» የሚሉት ለፍላፊ ተማሪ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ይቅርታ። የሕፃናት መድኃኒት መጠን የሚለው ሠንጠረዥ ሁለት ነው። ሁለቱም ‹የመጨረሻ› ይላሉ። የትኛውን እንያዝ?»

«አንድ ነው እንጂ።»

«ይኸው፣ ይዩት።» ስልኩን አቀበላት።

የታችኛውን ከፈተች፤ ደህና ነው። የላይኛውን ከፍታ የትኩሳቱ ሽሮፕ መስመር ላይ ስትደርስ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ነጥቧ የለችም። ሁለት ነጥብ አምስት ሚሊ ሊትር ሃያ አምስት ሆኖ ቁጭ ብሏል። ስህተቱን ያኔ እንደጫነችው አይታ፣ አርማ፣ አዲሱን ጭናለች፤ አሮጌውን ማንሳት ግን ዛሬ ነገ ስትል ረስታዋለች።

«የትኛውን ነው ያነበባችሁት?»

«አብዛኞቻችን የላዩን ነው። መጀመሪያ የሚመጣው እሱ ነዋ!»

ለልምምድ የወጡት ተማሪዎቿ ደግሞ በዚያች ሰዓት የሆስፒታሉ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ናቸው። ወደ ክፍሉ ደወለች፤ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። የተማሪዎቹ ስልክ ሥራ ላይ ሲሆኑ ይቆለፍበታል። «ያንን ፋይል ማንም እንዳይነካው!» ብላ ቦርሳዋን እንኳ ሳታነሳ ወጣች። ሆስፒታሉ ከመንገዱ ማዶ ነው። እንዴት እንደተሻገረች አታውቅም፤ ልቧ ከእግሯ ቀድሞ ደርሷል።

የክፍሉ ኃላፊ፣ በዕድሜ የገፉ ነርስ፣ ኮሪደሩ ላይ አገኟት።

«ምነው ልጄ? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«ሲስተር፣ ተማሪዎቼ ሽሮፕ ሰጥተዋል?»

«ያቺ ጭምቷ ልጅሽ ሰጥታለች። መስኮቱ ጋ ናት።»

የቀረውን ለመስማት አልቆመችም። ጭምቷ ክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ ተማሪ ናት። አንድ ትንሽ ልጅ የተኛበት አልጋ አጠገብ ቆማ ሙቀት ትለካለች።

«ሰጠሽው?»

«አዎ ቲቸር፣ ቅድም።»

«ስንት?»

«ሁለት ተኩል።»

መምህርቷ የሰማችውን አላመነችም። «ያነበብሽው ላይ ሃያ አምስት አይደል የሚለው?»

«ነው። ሲሪንጁ ግን የሚይዘው አምስት ብቻ ነው። ‹አምስቴ እየሞላሁ ይህችን ለምታህል ነፍስ ልሰጥ ነው?› ብዬ ቆምኩ። እርስዎስ ‹ቁጥሩ ካስደነገጠሽ እጅሽን ሰብስቢና ሰው ጥሪ› ይሉን የለ? ሲስተርን ጠራኋቸው፤ ጠርሙሱ ላይ ያለውን አይተን አብረን አሰላነው። ከዚያ ሁላችንንም ሰብስበው ነገሩን። ስንወጣ ልነግርዎ ነበር።»

መምህርቷ ልጅቷን እቅፍ አደረገቻት። ከዚያ የጠያቂ ወንበር ላይ ዘፍ አለች፤ ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣባት። የልጁ እናት ደነገጠች።

«ምንድን ነው? ልጄ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም፣ እህቴ። እኔ የጻፍኩት ላይ ስህተት ነበረ፤ ተማሪዬ ደረሰችበት። ለልጅሽ የተሰጠው ትክክለኛው ነው።»

እናትየው የልጇን ግንባር ዳበሰች። ቀዝቀዝ ብሏል። ልጁ ሰው ሁሉ ለምን እንደከበበው ግራ ገብቶት ብርድ ልብሱን ያኝካል። እናቱ ጭምቷን ቀና ብላ አየቻትና «እጅሽ ይባረክ» አለቻት። ጭምቷ አቀረቀረች።

ኃላፊዋ ለመምህርቷ ውሃ አመጡላት። «አይዞሽ፣ ጠጪ። ከዚያ ሄደሽ ያንን ጉድሽን አጽጂ።»

ስትመለስ ከክፍሉ የወጣ ሰው የለም። ሬዲዮ ሰሌዳው ላይ የፋይሉን ስም ጽፎ ከሥሩ «እንዳትከፍቱ!!» ብሎበታል። የሆነውን ሁሉ ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው። ከዚያ ገጹን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አብርታ አሮጌውን ሠንጠረዥ ዓይናቸው እያየ አነሳችው።

«እንግዲህ ተነካክቷል፤ ሳንጨርስ አንወጣም» አለች።

ለየሳምንቱ አንድ ፎልደር ከፈቱ፤ በውስጡ የሳምንቱ ንባብና መልመጃ ብቻ። ፋይሉ ሁሉ በያዘው ትምህርትና በታረመበት ቀን ተሰየመ፤ «የመጨረሻ» የሚባል ስም ከዚያ ገጽ ላይ ተሻረ። አሮጌዎቹ ተማሪ ወደማያያቸው ማኅደር ገቡ። ከሁሉ በላይ «ከዚህ ጀምሩ» የሚል አጭር ገጽ ተቀመጠ። መሀል ላይ ስለ መርፌ አወጋግ ከሚያስረዱት ሥዕሎች ጋር የእህቷ ልጅ የፊት ጥርሱ ወልቆ ሲያለቅስ የተነሳው ፎቶ ብቅ አለ።

«ቲቸር፣ ይሄም ፈተና ላይ ይመጣል?» አለ ሬዲዮ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ከሆስፒታል የተመለሱት ሲገቡ መምህርቷ ጭምቷን ጠራቻት። «የሚቀጥለውን ሳምንት ንባብ ፈልጊልኝ።»

ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ነካ ነካ አደረገችና «ይኸው» አለች። ማንንም አልጠየቀችም። የመልመጃውንም፣ የሠንጠረዡንም እንዲሁ አገኘችው። አንድ ሠንጠረዥ ብቻ።

«አለቀልን!» አለ ሬዲዮ። «ከእንግዲህ ‹ፋይሉን አጣሁት› ማለት ቀረ።»

ግቢው በር ላይ ስትደርስ ነው ከጠዋት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰች የታወሳት። ከጥግ ሱቅ ዳቦ ገዝታ እንደ ተማሪ ቆማ በላች፤ እንደዚያ የጣፈጣት ዳቦ አታስታውስም። ከዚያ ባሏ ጋ ደወለች።

«ዛሬ ቶሎ ግባ።»

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም። ማንም ምንም አልሆነም። ና ብቻ፣ ቁጭ ብዬ ልንገርህ።»