የፀደንያ የመጀመሪያ እብድ

እኔ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ጫማ የምሸጥ ሰው ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ቤቱ አልቻለኝም። ባለፈው ዝናብ ጎርፍ ሱቄ ገብቶ፣ ጫማዎቹ ተንሳፍፈው ወጥተው እያንዳንዳቸው ልካቸው የሆነ እግር ላይ ገቡ ብል ሰው ይስቃል እንጂ አያምነኝም። ይቺን ግን እመኑኝ።

ኪሊማኒ ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ እታገኘሁ አንድ ቀን እያለከለኩ ሱቄ መጡ።

«ካሣሁን፣ ልጄ አበደች!»

«ፀደንያ? ዶክተሯ?»

«ስፔሻላይዝ ላድርግ ብላ ምን ብትመርጥ ጥሩ ነው? የእብድ ሐኪምነት! ሰው ሲጠይቀኝ ‹የእብድ ሐኪም› ስል፣ ያቺን ‹የ› ማን ይሰማልኛል? ‹የእታገኘሁ ልጅ እብድ ሐኪም ሆነች› እያሉ ነው ከቅዳሴ የሚወጡት!»

ሳቄን ዋጥ አደረግሁ። ማመልከቻው በማግስቱ ይዘጋል። ልጅቱ ደግሞ «እማዬ ካልመረቀችኝ አላስገባም» ብላለች። እትዬ የሚፈልጉት ቀዶ ሐኪም እንድትሆን ነው። ስለዚህ መላ ዘየዱ፦ እኔ እብድ መስዬ ቤታቸው እገባለሁ፣ እሷ ደንግጣ ሐሳቧን ትቀይራለች።

«ለምን እኔን መረጡ?»

«አንተ ብዙ ልምምድ አያስፈልግህም።»

ከሰዓት ኪሊማኒ ቤታቸው ሄድኩ። ባንድ እግሬ ሸበጥ፣ በሌላው ቦት ጫማ፣ ፀጉሬ እንደተቆጣ ጃርት። እትዬ ኩሽና ተደበቁ።

«ማታቱ በስሜ ይጠራኛል!» ብዬ ሳሎኑን አናጋሁት። «ታክሲው አፍ አውጥቷል!»

ትሸሻለች ስል ወንበር ሳበችልኝ።

«ፖሌ፣ ጋሼ ካሣሁን» አለችኝ በስዋሂሊ። «አይዞዎት፣ ቁጭ ይበሉ። ምን ይልዎታል?»

«ግባ፣ ቦታ አለ ይለኛል።»

«ቦታ አለው?»

«የለውም! ሰው በሩ ላይ ተንጠልጥሏል።»

«እንግዲያ ይሄ የእርስዎ ሕመም አይደለም፣ የናይሮቢ ነው። ይቀጥሉ።»

ይቀጥሉ! ዕድሜ ልኬን «ይበቃሃል» እንጂ ቀጥል ያለኝ የለም። ቀጠልኩ። ማታቱን ዳርኩት፣ ባጃጆች አስወለድኩት፣ ትልቁን ልጁን ጊጊሪ ሰፈር ካለ ኤምባሲ አስቀጠርኩት። አልሳቀችም፣ አላቋረጠችም። በመጨረሻ የደከምኩት እኔ ነኝ።

«ቆይ፣ አትፈሪም እንዴ?»

«ጓደኞቼ ይፈራሉ። አንዱ አጥንት መረጠ፣ አጥንት መልስ አይሰጥም ብሎ። አንዷ ደግሞ ‹በሽተኛሽ መዳኑ አይታይ፣ ዘመድሽ ይስቅብሽ፣ ምን ልሁን ብለሽ ነው?› ትለኛለች። እኔ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ተመድቤ ሠርቻለሁ። ሌላው ክፍል በሽተኛ ማውራት ሲጀምር ‹አሳጥር› እንላለን። ‹ቀጥል› የምንለው እዚያ ብቻ ነው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እንቅልፍስ እንዴት ነው? ሌሊት ደረትዎን ይጨንቅዎታል?»

እኔ እንደ ግንድ ነው የምተኛው። ጥሩ ውሸት እየፈለግሁ ሳለ ከኩሽና ድምፅ መጣ።

«እኔን ይጨንቀኛል።»

እትዬ ማማሰያ እንደያዙ በሩ ላይ ቆመዋል።

«አባትሽ ከሞተ ወዲህ፣ ሌሊት ሌሊት ልቤ ይመታል። ለማን ልበል?»

ፀደንያ ተነሥታ አቀፈቻቸው። «ይሄ እኮ ይታከማል፣ እማዬ። ጎበዝ ሐኪም አውቃለሁ፣ እሱ ጋ እወስድሻለሁ።»

«ልጄ እያለች ለባዳ?»

«የራስን እናት ማከም አይሆንም።»

«ይኸው! ለእናት የማይሆን ትምህርት!»

«ቀዶ ሐኪም ብሆንስ ሆድሽን እኔ ልቀድልሽ ነበር?»

እትዬ መጀመሪያ ልጃቸውን፣ ቀጥሎ እጇን ትኩር ብለው አዩ።

«አንቺማ ሽንኩርት ስትከትፊ እንኳ የምትቆርጪው ጣትሽን ነው» አሉ። «የሰው ሆድ ከምታበላሺ... ሂጂ፣ ማመልከቻሽን አስገቢ። እግዚአብሔር ያሳካልሽ!»

ፀደንያ ላፕቶፗን ልታመጣ ሮጠች።