በካፒቴኑ ቤት ሰው ሰጥሞ አያውቅም

ካፒቴን ይሉታል እንጂ ሰውየው ከልብስ ማጠቢያ ሳፋ የሚበልጥ ውሃ ውስጥ እግሩን ነክሮ አያውቅም። የሚኖርበት ከተማ ራሱ ውሃ የሚያየው ሲዘንብ ነው። ሥራው አሮጌ መጽሐፍ መሸጥ ነው፤ ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ ሰፈር ደግሞ አንዴ ስም ካወጣ ማን ያስመልሰዋል! በወጣትነቱ አንዲት ሴት፣ መርከበኛ ባሏ ሲሞትባት፣ አንድ ትልቅ ሳጥን ሙሉ መጽሐፍ አምጥታ ሸጠችለት። ሳጥኑ ሲከፈት ሁሉም ስለ ባሕር ሆኖ ተገኘ፤ የጀልባ አሠራር፣ የገመድ አስተሳሰር፣ የዋና ትምህርት፣ ብቻቸውን በሸራ ጀልባ ውቅያኖስ ያቋረጡ ሰዎች ታሪክ። ማን ይግዛው? ሱቁ ደጃፍ ደርድሮት ከረመ። አላፊ አግዳሚው "ባሕሩንስ ከየት እንግዛ?" እያለ ሳቀበት። በመጨረሻ ሆድ ሲብሰው ሰብስቦ ወደ ቤቱ አስገባቸውና ለሚስቱ ያነብላት ጀመር። ካፒቴን የተባለው ያኔ ነው።

ዛሬ እነዚያን መጽሐፎች እያሰረ ነው። ከሰዓት በኋላ ሰው መጥቶ ይወስዳቸዋል። የሚወስዳቸው አዲስ ምግብ ቤት የከፈተ ሰውዬ ነው፤ ግድግዳው ላይ ለጌጥ ሊደረድራቸው። ባለፈው መጥቶ አይቷቸው ነበር። አንዱንም አልገለጠም። "ሰማያዊ ሰማያዊውን ከፊት አደርገዋለሁ" ብሎ ወርዳቸውን በስንዝሩ ለካና ሄደ። ይህን ሰምቶ ዝም ያለ መጽሐፍ ሻጭ ምን ያህል ቢመረው ነው፣ እስቲ እናንተው ፍረዱ።

መሮታል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ አላስቀምጥ ብሎታል። ጠዋት ሁለት ብርጭቆ ያወጣና አንዱን መልሶ ያስቀምጣል። ሱቁን በጊዜ ይዘጋል፤ እቤት ሲደርስ ደግሞ "ምን ቸኮልኩ?" ብሎ ራሱን ይቆጣል። የሚስቱ የስፌት መኪና መስኮቱ ሥር እንዳለች ናት፤ መርፌዋ ሥር የገባው ጨርቅ ግማሹ ተሰፍቶ ግማሹ ቀርቷል። ግቢው ውስጥ የልብስ ማስጫው ገመድ ሚስቱ እንዳሰረችው አለ፤ ከመጽሐፉ አይታ የለመደችው የጀልባ ማሰሪያ ቋጠሮ ነው። ቋጠሮው እንዳይላላበት ብሎ ልብሱን እዚያ ማስጣት ትቷል። ሸሚዙን ወንበር ላይ ያደርቃል።

ከሁሉም የከፉበት ግን መጽሐፎቹ ናቸው። ለምን እንደሆነ ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው።

በተጋቡ ሰሞን ማታ ማታ እሷ ለደንበኞቿ ቁልፍ ስትተክል እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ያነብላታል። አንድ ቀን በሚያነበው ታሪክ ላይ አንድ መርከበኛ ከመርከብ ወድቆ ሰጠመ። ሚስቱ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ወጣች። ቢጠብቅ ቢጠብቅ አልመጣችም። ሲወጣ ግቢው ውስጥ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ታናሽ ወንድሟን ወንዝ እንደወሰደባት የነገረችው ያን ጊዜ ነው። እሷ ዳር ላይ ቆማ እያየች ነበር። "በቃ፣ ከዚህ በኋላ አላነብልሽም" ቢላት፣ "አይ፣ ባሕሩንስ ወድጄዋለሁ፤ አንብብልኝ" አለችው።

ምን ያድርግ? ሰው ማዳን ጀመረ። ከዚያ ቀን ወዲህ በካፒቴኑ ቤት ሰው ሰጥሞ አያውቅም። መጽሐፉ ሞተ ያለውን ሁሉ፣ ድምፁን ሳይቀይር፣ ዐይኑንም ከገጹ ሳያነሳ መንጭቆ ያወጣዋል። መጀመሪያ አካባቢ ግንድ ያስይዛቸው ነበር። ኋላ ግንዱ በዛ፤ ውቅያኖስ መሃል ያ ሁሉ ግንድ ከየት ይመጣል? ስለዚህ አንድ ዓሣ አጥማጅ ፈጠረ። አንድ ዐይኑ የጠፋ፣ ነጭናጫ ሽማግሌ ነው፤ ጀልባው ቀዳዳዋ በጨርቅ ተወትፏል። ይህ አንድ ዐይናው የማይደርስበት ባሕር የለም። በረዶ በሞላበትም ባሕር እሱ ነው፣ በሞቃቱም እሱ ነው፤ በጥንት ዘመን ለተሰበረ መርከብም፣ ትናንት ለተገለበጠ ጀልባም ደራሹ እሱው ነው። "ደግሞ ወደቅህ፣ አንተ ገልቱ!" እያለ በአንገትጌያቸው ይጎትታቸዋል። ሚስቱ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች፣ "ይኼ ሰውዬ ግን አይደክመውም?" ትላለች። አንዳንዴም ገና ማዕበል መነሳት ሲጀምር፣ "አንድ ዐይናው ዛሬ የት ገባ?" ብላ ትጠይቃለች። ካፒቴኑ አመነችልኝ ብሎ ልቡ በኩራት ይሞላል። ልጅ አልነበራቸውም፤ አንድ ዐይናው የቤቱ ሦስተኛ ሰው ሆነ።

አንድ ጊዜማ የዋና ማስተማሪያውን መጽሐፍ እንሞክረው ተባባሉ። ሚስቱ አግዳሚ ወንበር ላይ በሆዷ ተኛች፤ እሱ መጽሐፉን ይዞ ቆመና፣ "ዘርጊ! ሳቢ! ተንፍሺ! በርቺ፣ ተንፍሺ!" እያለ ይጮህ ጀመር። ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ጎረቤታቸው አዋላጅ ነበሩ። ቦርሳቸውን አንጠልጥለው በሩን በርግደው ገቡና፣ "ምነው፣ ምጥ እስኪይዛት ድረስ ለሰው አይነገርም?" አሉ። የዚያን ቀን የተሳቀው ሳቅ! ከዚያ ወዲህ ሦስቱ ዘመድ ሆኑ።

ሚስቱ በታመመች ጊዜ የጀመሩት መጽሐፍ ዓለምን ብቻውን በሸራ ጀልባ ሊዞር ስለወጣ ሰው ነበር። ማዕበል ተነስቶ የጀልባዋ ምሰሶ የተሰበረበት ጋ ሲደርሱ ሕመሟ ጠናና ሐኪም ቤት ገባች። ካፒቴኑ ከአልጋዋ ሥር አልተነሳም። አንድ ቀን ከሰዓት ላይ እጁን ያዝ አድርጋ፣ "ሂድና መጽሐፉን አምጣልኝ" አለችው። "ሰውየውን ማዕበል ውስጥ ጥለነው መጣን እኮ።"

"ነገ አመጣዋለሁ።"

"አይ፣ አሁን።"

እምቢ አይላት ነገር! ሮጠ። አውቶቡሱ ዘገየበት፤ ደጁ ደርሶ ደግሞ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ሲፈልግ ቆየ። መጽሐፉን ይዞ ሲመለስ በአልጋዋ ዙሪያ መጋረጃ ተስቧል። ነርሷ ወጥታ ክንዱን ያዘችው። መጽሐፉ ብብቱ ሥር ነበር።

ይኸው ነው። ለወረቀት ብሎ ሚስቱ ብቻዋን እንድትሞት አደረገ። ማንም እንዲህ ያለው የለም፤ እሱ ግን ለራሱ ሲለው ይውላል፣ ሲለው ያድራል። ስንቱን ከባሕር ሲያወጣ የኖረ ሰው ለገዛ ሚስቱ አልደረሰላትም። ስለዚህ ይሂዱለት፤ የምግብ ቤቱን ግድግዳ ያሳምሩ፤ ብቻ ከዐይኑ ይጥፉለት።

የመጨረሻውን እስር እየቋጠረ ሳለ በሩ ተንኳኳና ወዲያው ተከፈተ። እንዲህ አንኳኩቶ ሳይጠብቅ የሚገባ ሰው አንድ ብቻ ነው። አዋላጇ ናቸው፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል፣ ጉልበታቸውም አስቸግሯቸዋል። ምላሳቸው ግን እንዳለች ናት።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ልሸጣቸው ነው፣ እትዬ። ይግቡ።"

"ገብቻለሁ። የቱን ነው የምትሸጠው?"

"ሁሉንም።"

አዋላጇ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ሆኖ ሳለ ከታሰሩት መጽሐፎች በአንዱ እስር ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ።

"እትዬ፣ እሱ የሚሄድ ነው፤ ይነሱልኝ እንጂ።"

"እኔ አንዴ ከተቀመጥኩ የምነሳው ጉልበቴ ሲፈቅድ ነው። ለመሆኑ እኔን ጠይቀኸኛል?"

"እርስዎን ምን አገባዎት?"

"ምን አገባኝ! ይኼ ግድግዳ ግድግዳ መስሎሃል? ካርቶን ነው! ከተጋባችሁ ጀምሮ ማታ ማታ ስታነብ አልጋዬ ላይ ሆኜ ስሰማህ ነው የኖርኩት። ሬዲዮ ገዝቼ የማላውቀው ለምን ይመስልሃል? ይኸው እሷ ከሄደች ወዲህ አንተም ዝም አልክ። ግድግዳውን እያየሁ አመሻለሁ። ብቻውን የቀረ ሰው አንተ ብቻ መሰልኩህ?"

ካፒቴኑ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከግድግዳው ወዲያ ሰው እንዳለ ከነጭራሹ ረስቶት ነበር። ኀዘን እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ከራሱ በቀር ሰው አያሳይም። ገመዱን እጁ ላይ እየጠቀለለ መሬት መሬቱን አየ።

"የጀመርነውን እንኳ አላስጨረስኳትም" አለ በመጨረሻ። "ያ ሰውዬ ምሰሶው ከተሰበረ በኋላ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ሞተች። አንጀቴን የሚበላኝ እሱ ነው።"

"ማን፣ ያ ብቻውን ዓለምን ልዙር ያለው?"

"አዎ።"

"ሰጠመ እኮ!" አሉ አዋላጇ። "ሐኪም ቤት ከመግባቷ በፊት ነገረችኝ።"

ካፒቴኑ ቀና አለ።

"ማን ነገራት?"

"መጽሐፉ ነዋ! አንተ ሱቅ ስትውል አንብባ ትጨርሳቸው የለ?" ብለው ወዲያው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። "ወይኔ፣ ወይኔ! እሷ አደራ ያለችኝ..."

"ምኑን ነው አደራ ያለችዎት? እትዬ!"

አዋላጇ እጃቸውን ከአፋቸው አነሱ። ከዚህ በኋላ መደበቅ ምን ሊረባ! "ልብስ ማስጫው ሥር ቆመን፣ 'ዛሬ የሚሰጥሙት አምስት ናቸው፤ እንዴት አድርጎ እንደሚያወጣቸው አያለሁ' ትለኛለች። እኔም ማታ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ እሰማለሁ። ጠዋት ስንገናኝ እንደ ሕፃን ነው የምንስቀው። አንዴ መርከቡን ሙሉ በዚያች በተወተፈች ጀልባ ያሳፈርክ ዕለትማ ሳቁ ከሆዴ አልወጣልህ ብሎ ሁለት ቀን አመመኝ።"

"ታውቅ ነበር?"

"ከመጀመሪያው ግንድ ጀምሮ።"

"እና ለምን አልነገረችኝም?"

"'ሰው ሲያወጣ እንዴት ደስ እንደሚለው አላዩትም' አለችኝ። ልቅሶዋን ቀን ብቻዋን ትጨርሰዋለች። ማታ የምትቀመጠው ለባሕሩ አልነበረም፤ ላንተ ነበር።"

ካፒቴኑ መጽሐፎቹ መሃል ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ቅር ይበለው፣ ይሳቅ፣ ይቆጣ፣ ግራ ገባው። ያን ሁሉ ዘመን ደብቄያታለሁ ሲል፣ ለካ የተደበቀበት እሱ ኖሯል። ቀጥሎ አንድ ነገር ትዝ አለው።

"ይኼኛውን ግን..." አለ። "ይኼኛውን ጨርሳው ነበር ነው የሚሉኝ? ሐኪም ቤት ሳትገባ?"

"እስከ መጨረሻው ገጽ።"

"ታዲያ ለምን ላከችኝ? ሰውየው ምን እንደሆነ ካወቀች፣ መጽሐፉን አምጣ ብላ ለምን ላከችኝ?"

አዋላጇ በሥራቸው ዘመን ስንት አልጋ አጠገብ ቆመዋል። ስንቱ የሚወደውን ሰው "ውሃ አምጣልኝ"፣ "ሐኪሙን ጥራልኝ" እያለ ከክፍሉ ሲያስወጣ አይተዋል።

"እንዳታይ ነዋ፣ ወንድሜ" አሉ ቀስ ብለው። "ዳር ላይ ቆሞ ማየት ምን እንደሆነ እሷ ታውቀው የለ።"

ካፒቴኑ ያን ጊዜ አለቀሰ። በቀብሯ ቀን እንኳ እንዲህ አላለቀሰም፤ ያን ቀን በራሱ ተናዶ ነበርና ንዴቱ እንባውን ይዞበት ነበር። አዋላጇ ከተቀመጡበት ሆነው ጀርባውን መታ መታ አደረጉት፤ መነሳቱንማ ጉልበታቸው አልፈቀደም።

እንዲህ እንዳሉ ውጭ የመኪና ጥሩምባ ተነፋ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ሁለት ተሸካሚዎች ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

"ተዘጋጁ?"

"አይሸጡም" አለ ካፒቴኑ ዐይኑን በእጅጌው እየጠረገ።

"እንዴት አይሸጡም! መደርደሪያውን እኮ በልካቸው አሠርቻለሁ!"

"ሰማያዊ ነገር ከሆነ የፈለግኸው፣ ሰሃን ደርድርበት" አሉ አዋላጇ ከእስሩ ላይ ሆነው። ሰውየው አንዴ ካፒቴኑን፣ አንዴ አሮጊቷን አየ። እያጉረመረመ ሄደ።

በሩ ሲዘጋ ካፒቴኑ እስሮቹን አንድ በአንድ እየፈታ ያንን መጽሐፍ ፈለገው። ከሐኪም ቤት ከተመለሰ ወዲህ ገልጦት አያውቅም። ያቆሙበት ገጽ ላይ ሚስቱ ያስቀመጠችው ቁራጭ ሰማያዊ ክር እንዳለ ነው። ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ የመጨረሻውን ምዕራፍ አየ፤ ዳርና ዳሩ በጣት መነካካት ሸብሸብ ብሏል። እሱ እዚያ ገጽ ላይ ደርሶ አያውቅም። ጣቱን በዚያ ሸብሻባ ላይ ትንሽ አቆየው።

"ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ እትዬ፤ ይመችዎት።"

"ተመችቶኛል። አንብብ።"

ከመስኮቱ አጠገብ፣ ከስፌት መኪናዋ ጎን ተቀመጠና አነበበ። መጀመሪያ ድምፁ ሻከረበት፤ እየቆየ መንገዱን አገኘው። ምሰሶው ተሰበረ። ሰውየው መሪውን በገመድ አሰረ፤ ሦስት ቀን ውሃውን በባልዲ ሲቀዳ ሰነበተ። ቋጠሮውን ካፒቴኑ አወቀው፤ ግቢው ውስጥ ያለው ነው። ከዚያ አንድ ከፍ ያለ ማዕበል መጣና የሰውየው እግር ተንሸራተተ።

ካፒቴኑ እዚህ ላይ ቆመ። ምላሱ በልማዷ ያቺን በጨርቅ የተወተፈች ጀልባ ልትጠራ ስትል ተሰማው። አዋላጇም ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ። እሱ ግን ዐይኑን ገጹ ላይ ተክሎ እንደተጻፈው አነበበው። ጀልባዋ ባዶዋን ተገኘች፤ ሰውየው አልተገኘም። ከዚያ ከጥንቱ መርከበኛ ወዲህ በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሰጠመ።

አዋላጇ አፍንጫቸውን በመሀረባቸው ጠረጉ።

"አንድ ዐይናውስ?" አሉ፤ ቅር ብሏቸዋል። "እሱ የት ሄዶ ነው?"

ካፒቴኑ መጽሐፉን ጭኑ ላይ አደረገ። መርፌው ሥር የቀረውን ግማሽ ጨርቅ አየ።

"አጠገቡ ነበር" አለ። "ሰውየው ራሱ ነው የላከው። 'ሂድና መጽሐፌን አምጣልኝ' ብሎት።"