በሬዲዮ «እሺ» አይባልም

በእኔ ቡድን ውስጥ አንድ ክልክል ቃል አለ፤ «እሺ»። መሳደብ የፈለገ ይሳደብ፣ እኔም በስድብ ከማንም አላንስም። ሬዲዮ ጨብጦ «እሺ» ያለ ሰው ግን ያን ቀን ከእኔ ጋር አይውልም።

ይስቁብኛል። «ሳይረን» የሚል ቅጽል ያወጡልኝም ለዚሁ ነው፤ ድምፅዋ ከማስጠንቀቂያው ደወል ይቀድማል እያሉ። ይበሉ። እስቲ ንገሩኝ፣ «እሺ» ማለት ምን ማለት ነው? ሰማሁ ነው? አደርገዋለሁ ነው? አድርጌ ጨረስኩ ነው? ወይስ «አሁንስ በቃሽ፣ ተዪኝ» ነው? ባለቤቴ የሚያፈሰውን የማድቤት ጣራ እንዲጠግን ስንቴ እሺ ብሎኛል፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ድስት ደቅኜ እሺታውን አጠራቅማለሁ። ነዳጅ የሚሄድበት ቧንቧ ላይ ግን የሚደቀን ድስት የለም። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው። የታዘዘ ሰው የታዘዘውን ቃል በቃል መልሶ ይናገራል፤ ከጨረሰ በኋላ ደግሞ ምን እንዳደረገና በዓይኑ ምን እንዳየ ይናገራል። አለቀ።

የዚያን ቀን ሥራችን አንድ የተጎዳ ቧንቧ ቆርጦ ማውጣት ነበር። መንገድ የሚሠራ ዶዘር ጥርሱን አሳርፎበት ጎኑን አጎድጉዶታል። መሬቱን ቆፍረን ቧንቧውን ገላልጠን፣ ፓምፖቹ ከቆሙ በኋላ በእኛ በኩል ያለውን ነዳጅ ወደ ቦቴ ቀድተን ጨርሰናል። ከእኛ በላይ ኮረብታው ላይ አንድ ቫልቭ አለ። ከዚያ ቫልቭ ጀርባ ቧንቧው አፉ ድረስ ቤንዚን ሞልቶ ቆሟል። በቤንዚኑና በጉድጓዱ መካከል ያለው ነገር ያ ቫልቭ ብቻ ነው።

ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ደግሞ ወንድሜ ነው።

ጋሼ እለዋለሁ። እናትና አባታችን ሲያልፉ እኔ ገና ድክ ድክ የምል ነበርኩ፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። ጸጉሬን ሲያበጥር እያስለቀሰኝ፣ የትምህርት ቤት ጫማዬን በገዛ እጁ እየሰፋ። ወደዚህ ሥራም እጄን ይዞ ያመጣኝ እሱ ነው። ቧንቧ በመቁረጥና በመበየድ እሱን የሚያህል የለም። እኔ ተምሬ፣ ተፈትኜ ተቆጣጣሪው ሆንኩ፤ እሱ ግን በዚህ ቅር ብሎት አያውቅም። «የአለቃዬን ንፍጥ የጠረግሁት እኔ ነኝ» እያለ ሠራተኛውን ያስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

የዚያን ቀን ግን የሚያስቅ ሰማይ አልነበረም። ከተራራው በኩል ጥቁር ደመና እየተንከባለለ ይመጣል። ዝናቡ ከቀደመን ጉድጓዱ ውሃ ይሞላል፣ ሥራው ይበላሻል። ጋሼ መቁረጫ ማሽኑን ቧንቧው ላይ አስሮ ጨርሷል፣ ዓይኑ አንዴ ሰማዩን አንዴ እኔን ያያል። ሬዲዮውን አነሳሁ።

«ቫልቩ ላይ ያለኸው፤ ቫልቩን ዝጋ፣ ቆልፍ፣ ያየኸውን ንገረኝ።»

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። ከዚያ፦

«እሺ እትዬ።»

ክው አልኩ። ቃሉ ብቻ አይደለም፣ ድምፁም የለመድኩት የቫልቩ ሰው ድምፅ አልነበረም።

«ማነህ አንተ?»

«እኔ ነኝ እትዬ። ሙሽራው።»

ሙሽራው ታች ፓምፕ ጣቢያው ውስጥ የሚሠራ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሥራ የጀመረ ዕለት የሠርግ ሱፉን ለብሶ ስለመጣ ነው ስሙ የወጣለት። ብቃቱ የተረጋገጠለት ጣቢያው ውስጥ ላሉት ባለ እጀታ ቫልቮች ነው፤ እጀታውን ዞር ታደርጋለህ፣ መዘጋቱን ከሩቅ ታያለህ። የኮረብታው ግን ሌላ ጉድ ነው። ትልቅ መዘውር አለው፤ ስታዞረው፣ ስታዞረው ውስጥ ያለው የብረት መዝጊያ ቀስ እያለ ይወርዳል። መሃሉ ላይ የቆመው ዘንግም አብሮት ይወርዳል፤ ቀዩ ምልክት ላይ ሲደርስ ነው ተዘጋ የሚባለው። አሮጌ ነው፣ አመለኛ ነው። እኛ ዘንድ ብቃት ለሰው አይሰጥም፣ ለሥራ ነው የሚሰጠው። አውቶብስ መንዳት የሚችል ሁሉ ክሬን ላይ አይወጣም።

ስልኬን አውጥቼ አለቃችን ዘንድ ደወልኩ።

«የቫልቩ ሰው የታለ?»

«ጠዋት ወገቡን ይዞት ቀረ። ሙሽራውን ላክሁልሽ።»

«ለዚህ ቫልቭ ብቃት የለውም እኮ!»

«ኧረ ባክሽ፣ ቫልቭ ያው ቫልቭ ነው። ዝናብ ሳይመጣ ጨርሱ።» ዘጋው።

ቫልቭ ያው ቫልቭ ነው! ደሜ ፈላ። ሬዲዮውን አፌ ላይ ለጠፍኩት።

«ሙሽራው፣ ስማኝ። ዘግተኸዋል?»

«መዘውሩ አልዞር ብሏል እትዬ። አጥብቄዋለሁ።»

«ስለ መዘውሩ አልጠየቅሁህም። መሃል ላይ የቆመውን ዘንግ እየው። ቀዩ ቀለም ድረስ ወርዷል?»

ሬዲዮውን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ።

«ወርዷል ወይስ አልወረደም?»

«እሺ እትዬ… እሺ፣ ገብቶኛል።»

ወይ ፍርጃ! ምን እንደሆነ ወዲያው ነው የገባኝ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ታላቅ ሰው ሲናገር «አላውቅም» ብሎ መመለስ ነውር ነው ተብሎ ነው ያደገው። እኔም እንዲያ ተብዬ ነው ያደግሁት። ዘንጉ የቱ እንደሆነ እንኳ አያውቅም፤ ያንን ለእኔ ከመናገር መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጣል።

ጋሼ ከጉድጓዱ ቀና አለ። «አንቺ ልጅ፣ ምን እየጠበቅን ነው?»

«ጋሼ፣ ውጣ። ሄጄ ቫልቩን አየዋለሁ።»

«ልጁ ዘግቻለሁ አለሽ አይደል?»

«አላለም። እሺ ነው ያለው።»

«ታዲያ እሺ ካለ ሌላ ምን ይበልሽ? ይማልልሽ?»

ሠራተኛው ሳቀ። ክሬን ነጂው እንኳ ከላይ ሆኖ ሳቀ። ጋሼ በጓንቱ የግፊት መለኪያውን አሳየኝ። «ይኸው፣ መርፌው ተኝቷል። ዜሮ! ቫልቩ ክፍት ቢሆን ኖሮ ይተኛ ነበር?»

«መርፌው የሚያወራው ስለ አሁን ነው። መዝጊያው ቆሻሻ ላይ ተቀምጦ ከሆነ፣ ነዳጁን የያዘው ቆሻሻው ነው ማለት ነው። ቆሻሻ ደግሞ መቼ እንደሚለቅ አይናገርም። ጋሼ፣ በሞቴ ውጣ።»

«በሞትሽ አትበይኝ! ኮረብታው ድረስ ሄደሽ እስክትመለሺ ይሄ ጉድጓድ ኩሬ ይሆናል። በዚህ ሥራ ላይ ነው ያረጀሁት እኔ።» ጎንበስ ብሎ የማሽኑን እጀታ ያዘ።

«ጋሼ፣ ደንቡ…»

«ደንቡን ያስተማረሽ ማነው?»

«አንተ ነህ።»

«እንግዲያው ዝም በይ!»

ማሽኑን አስነሳው። ድምፁ ጉድጓዱን ሞላው። የመቁረጫው ጥርስ ገና ብረቱን አልነካም፤ ጋሼ በጣቱ ቀስ አድርጎ እያስጠጋው ነው። ያ ጥርስ ቧንቧውን በስቶ ቤንዚኑ ከመጣ፣ ከዚያ ጉድጓድ በመሰላል የሚወጣ ሰው አይኖርም። ጮህኩ። አልሰማኝም፤ ወይም አልሰማም አለኝ። ከላይ ያለውን የማሽኑን ማጥፊያ መታሁት። ድንገት ጸጥ አለ፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ አፌ ላይ የመጣውን ሁሉም እየሰማ ተናገርኩት።

«ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ለዚህ ሥራ ብቁ አይደለህም። ብቃትህን አግጃለሁ። ከጉድጓዱ ውጣ።»

ሥልጣኑ አለኝ። አንድ ሠራተኛ ከደንብ ሲወጣ ካየሁ እዚያው ላግደው እችላለሁ፤ ማንም ይሁን ማን። ግን ይህንን ቃል ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለእሱ ለመናገር ደግሞ ምላሴ እንዴት እንደታዘዘልኝ እኔም አላውቅም።

የሚስቅ ጠፋ። ክሬን ነጂው ባርኔጣውን ወደ ዓይኑ ሳበ። ጋሼ እጀታውን ለቀቀ፣ መሰላሉን ወጣ፣ ጓንቶቹን አንድ በአንድ አውልቆ አፈሩ ላይ አስቀመጠና ሳያየኝ በአጠገቤ አለፈ። አንገቱ ድረስ ቀልቶ ነበር።

«ሁላችሁም ከጉድጓዱ ራቁ!» አልኩ። ክሬን ነጂውን መርፌውን ከሩቅ በመነጽር እንዲጠብቅ አዝዤው መኪናዬን አስነሳሁና ወደ ኮረብታው በረርኩ።

መንገዱ ድንጋይ ብቻ ነው። ራሴ ከጣሪያው ጋር እየተላተመ፣ ከራሴ ጋር እሟገታለሁ። ልጁ በትክክል ዘግቶት ቢሆንስ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያሳደገኝን ሰው በከንቱ አዋርጄው ቢሆንስ? በምን ዓይኔ ነው የማየው? እመኑኝ፣ በዚያች ሰዓት ዘንጉ ቀዩ ላይ ይሁንልኝ ብዬ ልጸልይ ወይስ አይሁንልኝ ብዬ ልጸልይ አላውቅም ነበር።

ሬዲዮው ጮኸ። ክሬን ነጂው ነው፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«እትዬ! መርፌው ተነሳ! ጉድጓዱ ውስጥ ሰው የለም፣ እደግመዋለሁ፣ ሰው የለም፤ መርፌው ግን እየወጣ ነው! እየወጣ ነው!»

መኪናውን እንዴት እንዳቆምኩት አላስታውስም። ሙሽራው መዘውሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። ዘንጉን አየሁት። ቀዩ ምልክት ጋ ለመድረስ አንድ መዳፍ ይቀረዋል። እጄን ቧንቧው ላይ አሳረፍኩ፤ ውስጡ ይርገበገባል። ቤንዚኑ ወደ ታች፣ ወደዚያ ጉድጓድ እየሄደ ነው።

«ልቀቅ! አብረኸኝ ወደ ኋላ አዙር!»

«ወደ ኋላ? ሊከፈት እኮ ነው እትዬ!»

«ትንሽ ይከፈትና ቆሻሻው ይታጠብ። አዙር ስልህ አዙር!»

እኔ ለዚህ ቫልቭ ብቃት አለኝ፤ አመሉንም አውቀዋለሁ። ጥቂት መለስ አደረግነው፣ ቧንቧው ውስጥ የታነቀው ነገር ተጠራርጎ ሲሄድ ተሰማኝ፤ ከዚያ እየተጋፋን ወደ ታች አወረድነው። ዘንጉ ቀዩ ላይ ደረሰ። የቧንቧው መርገብገብ ቆመ። ሰንሰለቱን አስሬ ቆለፍኩና እዚያው መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ።

ልጁ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «እትዬ፣ አላውቀውም ብዬ እንዳላሳፍርዎት ብዬ ነው። ልነግርዎት ነበር፣ ፈራሁ።»

«ብታሳፍረኝ ምን እሆን ነበር? ማፈር ይገድላል?» ልቆጣው አስቤ ነበር፤ እንባዬ ቀደመኝና ራሱን ይዤ ደረቴ ላይ አሳረፍኩት። መደብደብ ያለበት ሌላ ሰው ነው፤ ልጁን እዚያ የላከው አለቃችን።

ስመለስ ዝናቡ መጣል ጀምሯል። ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ይጠብቀኛል። አንዱ እጄን ጨበጠኝ፣ ሌላው «ሳይረን ዕድሜ ይስጥሽ» አለ። ማንንም አልሰማሁም። ጋሼ የጭነት መኪናው ጎማ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። መርፌውን እሱም አይቶታል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ሮጬ አንገቱ ላይ ልጠመጠም ነው የመጣሁት።

ሲያየኝ ብድግ አለ። አለቃ ሲመጣ እንደሚነሱት ነው የተነሳው።

«ቫልቩ ተዘጋ?» አለኝ።

«ተዘጋ ጋሼ። ዘንጉ ቀዩ ላይ ነው፤ ቆልፌ ቁልፉን ይዣለሁ።»

«ጥሩ» አለ። «ሌላ የሚያዙኝ አለ?»

መጀመሪያ የሚቀልድ መሰለኝ። ዓይኑን አየሁት፤ አይቀልድም። የሚያዙኝ። እኔን! ልቤ ስንጥቅ አለ። ጋሼ እንዲህ አትበለኝ፣ በእናታችን ተሳደብ፣ በጥፊ ምታኝ ልለው ፈልጌ ነበር፤ ሰው ሁሉ ያየናል።

«የለም» አልኩት። «ወደ ቤትህ ሂድ፣ ልጆችህ ይጠብቁሃል።»

ሄደ። በዝናቡ ውስጥ፣ ጓንቱን ሳያነሳ፣ በሁለት እግሩ ሲሄድ ቆሜ አየሁት።

ከዚያ በኋላ እንደገና ተፈትኖ አለፈ፤ አሁንም አብረን እንሠራለን። ሚስቱ እያለቀሰች ስማኛለች፣ እሱ ግን ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ተንፍሶ አያውቅም። ቤቴ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ «ይግቡ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ይለኛል፤ በገዛ ቤቴ። ያመኛል፣ አልዋሽም። አንዳንዴ ማድቤት ገብቼ አልቅሼ እወጣለሁ። ግን እርስዎ ይበለኝ፤ ብቻ ይኑርልኝ።