የጠፋው ብልዝ

የእህቱ ባል የአመዶን ኮሌታ ጨምድዶ ፊቱን ከማተሚያ ማሽኑ ክዳን ጋር አላተመው። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው ክዳኑ ተሰነጠቀ፤ የአመዶ ቅንድብም አብሮ ተተረተረ።

"ካርዱን አምጣ! ፎቶዎቹ ያሉበትን!"

"እኔ ጋ የለም አልኩህ።"

"ለዳኛው አዲስ ፎቶ ልታቀርቡ እንደሆነ የማልሰማ መሰለህ?"

አመዶ የወጣለት ስም ነው። ከማሽኑ ቀዩንም ሰማያዊውንም ቢጫውንም አስወጥቶ ሦስት ዓይነት ግራጫና አንድ ጥቁር ቀለም ስለሞላበት ሰፈርተኛው አሾፈበት። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ግን የሚወዳደረው አልነበረም። የሰው ፊት ከእሱ ቤት ዐሥር ዓመት ቀንሶ ነው የሚወጣው። ምስጢሩ ሶፍትዌሩ ላይ ነው። ባለቀለሙን ፎቶ ወደ ጥቁርና ነጭ ሲለውጥ የቀዩን መጠን ከፍ ያደርጋል፤ ያኔ ቆዳ ይፈካል፣ ብጉር ይጠፋል። ደንበኛም መርቆት ይሄዳል።

ጉዱ የመጣው ከዚሁ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት እህቱ ጉንጯ ቀልቶና በልዞ፣ አንገቷ ላይ የባሏ ጣቶች ምልክት ወጥቶ በጠራራ ፀሐይ እየሮጠች መጣች። ፎቶ አነሳት። ባለቀለም የሚያትም ሱቅ ከመንገዱ ማዶ ነበረ፤ እሱ ግን የቤቱን ገመና ለጎረቤት ማሳየት አልወደደም። እያለቀሰ ራሱ አተመው። እጁ እንደ ልማዱ ቀዩን ከፍ አደረገ፤ እንባው ደግሞ የወጣውን ወረቀት ልብ ብሎ እንዳያይ ከለከለው። ችሎት ስትቀርብ ብልዙ ከፊቷ ጠፍቶ ነበር፤ ዳኛው ፎቶውን ወደ መስኮቱ ይዘው አገላብጠው አዩና "ልጄ፣ ፊትሽ እኮ ደህና ነው" አሏት። ባልየው ሳቀ። ከፎቶው ሌላ ማስረጃ የላትም። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ማስረጃ ካልቀረበ መዝገቡ ይዘጋል፤ እህቱም ለልጇ ስትል ወደዚያው ቤት፣ ወደዚያው ቡጢ ትመለሳለች።

አመዶ በክርኑ የባልየውን ጎድን መታው። ተያያዙና መደርደሪያው ላይ ወደቁ። የቀለም ጠርሙሶች ወለሉ ላይ ተፈረካከሱ። ባልየው ቀለሙ ውስጥ ተንበርክኮ ጉሮሮውን አነቀው። አመዶ እግሩን አወራጨ፣ የሰውየውን ፊት ቧጨረ፤ የባልየው እጅ ግን ከጉሮሮው አልላቀቅ አለ። ዐይኑ ጨለመበት። እህቴም እንዲህ ነበር የሆነችው፣ አለ በልቡ።

እህቱ ካርዱን ይዛ የተደበቀችው በጓዳው ነበር። ወረቀት የሚቆረጥበትን የብረት ማስመሪያ አንስታ ወጣችና ባሏን የእጅ አንጓው ላይ አሳረፈችበት። ደገመችው። አጥንት ቀጭ ሲል ተሰማ።

"ሰው ይድረስልኝ! ገደለችኝ!" ብሎ እጁን አቅፎ ጮኸ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት ይሄኔ ነው።

"ውጣ!" አለችው። ማስመሪያውን እንደገና አነሳች። "ሦስተኛው ጭንቅላትህን ነው!"

ባልየው ወደ በሩ አፈገፈገ። "የፈለጋችሁትን አትሙ! በመጀመሪያው ፎቶ ንጹሕ፣ በሁለተኛው ብልዝ! ጠበቃዬ 'በኮምፒውተር የቀቡት ነው' ሲል ማን ያምናችኋል?" ብሎ በሩን ወርውሮት ሄደ።

አመዶ እንደ ምንም ተነስቶ ካርዱን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካ። ቀዩን አወረደው፤ አረንጓዴውን ከፍ አደረገው። የእህቱ ጉንጭ በስክሪኑ ላይ ጠቆረ። ቀጥሎ የአንገቷ ላይ ጣቶች አንድ በአንድ ብቅ አሉ።

"ጋሼ፣ ያን ጊዜም እዚሁ ነበሩ?"

"ነበሩ።"

"ታዲያ የት ገብተው ነው?"

"እኔ ነኝ ያጠፋኋቸው። እንደ ደንበኛ አሳመርኩሽ።"

ዞራ አየችው። ከዚያ ደረቱን በቡጢ መታችው፤ ደጋግማ መታችው። እሱም እጇን አልያዘም።

"እሱ መታኝ! አንተ ደበቅህለት! እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ውሸታም ተባልኩ እኮ!"

"እውነትሽን ነው፣ እህትዬ። ምቺኝ።"

ሲደክማት ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። "ሰውየው እንዳለው ነው ግን። ማን ያምነናል?"

አመዶ ወደ ማተሚያው ዞረ። ፈርቷል፤ ፍርድ ቤት የቀረበ ማስረጃ ማበላሸት እንደሚያስጠይቅ ያውቃል። በፎቶ ያጭበረብራል ከተባለ ደግሞ ፊቱን አምኖ የሚሰጠው ደንበኛ አይኖርም። ማሽኑ በተሰነጠቀ ክዳኑ እየተንገጫገጨ ሁለት ወረቀት አወጣ፤ አንዱ ቀዩ ከፍ ያለበት፣ አንዱ ቀዩ የወረደበት። ባለቀለም ፎቶ ብቻውን 'ቀቡት' ያሰኛል፤ እነዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ግን ብልዙ እንዴት እንደጠፋ ያሳያሉ። ከቅንድቡ የሚወርደውን ደም በእጅጌው ጠርጎ እስክሪብቶ አነሳና በፈካው ፎቶ ጀርባ "ብልዙን በሶፍትዌር ያጠፋሁት እኔ ወንድሟ ነኝ" ብሎ ጻፈ፤ ፈረመበትም።

"ሊያስሩህ ይችላሉ እኮ፣ ጋሼ" አለች እህቱ በቀስታ።

"ካሰሩኝም ይሰሩኝ።"

ሁለቱን ፎቶዎች ፖስታ ውስጥ ከተታቸው። የፈረመበትን ከላይ አደረገው።