በየእሁዱ የምንነቅለው ጎል

እኛ የሜሌስ እግር ኳስ ክለብ ልጆች ጎላችንን በትከሻችን ተሸክመን የምንዞር እብዶች ነበርን። እሁድ ጠዋት ምሰሶዎቹን እናቆማለን፤ ጨዋታው ሲያልቅ ነቅለን፣ በስደተኛው ሰፈር መሃል አሳልፈን፣ አጎቴ ፕሮድሮሞስ ግቢ እናጋድማቸዋለን። የወደቡ ከተማ የፒሬዎስ ተወላጅ ልጆች መንገድ ዳር ቆመው ይጠብቁናል።

«ሬሳው መጣ፣ ኮፍያ አውልቁ» ይላል አንዱ።

«ሟቹ ዛሬ ስንት ገባበት?» ይላል ሌላው።

በረኛው እኔ ስለነበርኩ መልሱ የሚጠበቀው ከእኔ ነው። «እናትህን ጠይቃት» እላለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጎሉ አንድ ቦታ ተተክሎ እንዳይቀር ያደረጉት አጎቴ ናቸው። ባሕር ማዶ ያለችው ከተማችን ሰምርኔስ ስትቃጠል አምልጠን በጀልባ ስንመጣ፣ ገና ድንኳን ውስጥ ቅማላችንን እየለቀምን ሳለ፣ ከዱቄት ጆንያ ማሊያ አሰፍተው ክለቡን ያቆሙትም እሳቸው ናቸው፤ ይኼን አልክድም። ግን በሁለተኛው ዓመት የመሬት ሹሙ መጥቶ «ፈርሙና ሜዳው በክለቡ ስም ይሁን» ሲላቸው፣ የሰምርኔስ ቤታቸውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩት።

«እኔ ቤትም ሜዳም አለኝ። ለፋሲካ አገሬ እገባለሁ። እዚህ ምን ብዬ ነው የምፈርመው?»

ሰፈሩ ሁሉ አጨበጨበላቸው። ያኔ እንዲያ ነበርን። ግድግዳውን ኖራ የቀባ ሰው እንኳ «እዚሁ ልትቀር ነው እንዴ?» ተብሎ በክፉ ዓይን ይታያል። ሹሙም ወረቀቱን አጥፎ ሄደ።

ፋሲካ መጣ፣ ሄደ። ሌላውም መጣ፣ ሄደ። ክለቡ ግን ጉድ አሰኘ። ጆንያው ቀርቶ እውነተኛ ማሊያ ለበስን፣ አንደኛ ዲቪዚዮን ገባን፤ የአቴና ሰው ሳይቀር እኛን ለማየት በባቡር ይመጣ ጀመር። አጎቴ ፊሽካው በተነፋ ቁጥር ያው «ንቀሉ» ነው የሚሉት።

በስምንተኛው ዓመት ሁለት መዓት ባንድ ሳምንት ወረደብን። መጀመሪያ የዚህና የባሕር ማዶው መንግሥታት ተፈራረሙ፤ ጥለነው የመጣነው ቤትና መሬት በቃ፣ ቀረ ተባለ። ቀጥሎ በስማችን ያልተፈረመው ሜዳ ለአንድ የሳሙና ነጋዴ ተሸጠ፤ ሰኞ ሊያጥረው ነው። ሜዳ የሌለው ክለብ ደግሞ በሊጉ አይጫወትም፤ ሕጉ ይኸው ነው። የፊታችን እሁድ ካለፈ ሜሌስ የሚባል ነገር የለም።

ደሜ ፈልቶ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። ቁልፉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል።

«አንድ ፊርማ ነበር እኮ አጎቴ። አንዲት ፊርማ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ አሁን ምን ይሻላል?»

«እኔ እንጃ፣ ዮርዳኒስ።»

እሳቸው እኔ እንጃ ሲሉ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። አንጀቴን በሉት፤ ይዤው የመጣሁትን ቁጣ የት እንደማደርገው ጠፋኝ። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

እሁድ ሜዳ ስደርስ ምሰሶዎቹ ቆመዋል። ማን ቀደመኝ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። ተጫወትን፣ ተሸነፍን፤ ለመጫወት ማን ልብ አለው? ፊሽካው ሲነፋ እንደልማዴ የግራውን ምሰሶ አቅፌ ሳብኩት። ንቅንቅ አላለም።

ተከላካያችን ሳቫስ እየሳቀ መጣ። «ጉልበትህ ከክለቡ ቀድሞ ወረደ እንዴ?»

ሁለት ሆነን ሳብን። ወይ ፍንክች። በጫማዬ አፈሩን ጫር ጫር ሳደርገው ከሥሩ ሲሚንቶ ወጣ፤ አዲስ ነው፣ ገና እርጥብ። ቀና ስል አጎቴ ከመስመሩ ዳር ቆመዋል። እጃቸው እስከ ክርናቸው ድረስ ሲሚንቶ ነው።

«ተዉት» አሉ። «ዘንድሮ ፋሲካን እዚሁ ነን።»

የሳቀ ሰው የለም። በዚያ መንገድ ባዶ ትከሻችንን ይዘን ስናልፍ የፒሬዎስ ልጆች እንኳ መንገድ ለቀቁልን።

ሰኞ ጠዋት የነጋዴው ሠራተኞች መጋዝ ይዘው መጡ። አጎቴ ቀድመዋቸው፣ መሬት ተቀምጠው፣ የግራውን ምሰሶ በሁለት እጃቸው አቅፈዋል። ሠራተኞቹ ሰውየውን አንሳልን አሉኝ። እያለቀስኩ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አላቀቅኩ፣ ብብታቸው ሥር ገብቼ አነሳኋቸው። አልታገሉኝም። ዓይናቸው መጋዙን አላየም፤ የሚያየው የምሰሶውን ሥር ነው።

«ገና አልደረቀም እኮ» አሉ ለሠራተኞቹ፣ በልመና። «ሁለት ቀን ብቻ ስጡት። ይይዛል።»