የዘውድነሽ አንገት

ማስረሻ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሴት አንገት ይስላል።

ነገሩ ለሰሚው ደስ እንደማይል ስለሚያውቅ ለማንም አይናገርም። የሚስለው አንገቱን ሳይሆን አንገቱ ላይ ያለውን ንቅሳት ነው። መልካሳ እርሻ ምርምር ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የሙከራ መደቦችን ታፔላ ሲጽፍ ኖሯል፤ የዘሩን ስም፣ የመደቡን ቁጥር፣ የተዘራበትን ቀን። ጡረታ ወጥቶ አዳማ ቤቱ ከተቀመጠ በኋላ እጁ ሥራ ፈታ። ዘውድነሽ በሞተች በሦስተኛው ሳምንት መናኸሪያ ቆሞ ታክሲ ሲጠብቅ፣ ፊት ለፊቱ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ አንገታቸው ላይ ሦስት ረድፍ ንቅሳት አየ። በረድፎቹ መካከል እንደ ጤፍ የደቀቁ ነጥቦች ነበሩ። ቤቱ ገብቶ ባለ ካሬ ደብተር ላይ ከሐሳቡ ሳላቸው። እንደ ሥራ ልማዱ ቁጥር ሰጣቸው፣ ቦታውንና ቀኑን ከሥር ጻፈ።

ሦስት ዓመት ሆነው። ደብተሩ መቶ አሥራ ሁለት አንገት ይዟል።

በነዚህ ዓመታት ማየት ተምሯል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ጠበቅ አድርገው ስለሚያጣፉ ብርድ ቀን ለሥራው አይሆንም፤ ሙቀት ግን ወዳጁ ነው። ስለዚህ በጋ በጋውን ወለንጪቲ ገበያ ይወርዳል። ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የሚያየው፤ በመጀመሪያው ረድፉን፣ በሁለተኛው ነጥቡን፣ በሦስተኛው ጠርዙን። ከዚያ በላይ ካየ ይታወቅበታል። አንድ ጊዜ አራተኛ ሲደግም ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት፣ «አባት፣ ሽንኩርቱ ያለው ከታች ነው» አለችው። አጠገቧ ያሉት ሳቁበት። የማያስፈልገውን ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ተሸክሞ ተመለሰ። ያቺ ቁጥር ሰባ አራት ናት።

የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ግን ባዶ ነው። ለዘውድነሽ የተተወ ነው። እሷም ንቅሳት ነበራት። ማስረሻ ግን ምን እንደሚመስል አያውቀውም።

ይህን ጉድ ያወቀችበት ሊዲ ናት። ሊዲ ግቢው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። አንድ እሑድ ጠዋት ውሃ መምጣቱን ልትነግረው ገባች። እሱ በርሜሉን ለመሙላት ወጣ፤ ሲመለስ ጠረጴዛው ላይ የረሳውን ደብተር እያገላበጠች አገኛት።

የማን አንገት እንደሆነ ጠየቀችው። የሰው ነው አላት። ትስቃለች ብሎ ሲጠብቅ ሮጣ ክፍሏ ገባችና የራሷን ደብተር ይዛ መጣች። እሷም ከሥራ ስትመለስ የምታደርገው ይህንኑ ኖሯል፤ የራሷን ታቱ ራሷ ትነድፋለች። ሁለት አስነቅሳለች፤ አንዱን ቁርጭምጭሚቷ ላይ፣ አንዱን ትከሻዋ ላይ። ቀሪው አርባ የሚሆን ንድፍ ወረቀት ላይ ነው ያለው። ለምን ከስልክ ላይ አውርደሽ አታስነቅሺም ሲላት፣ ያንን እኮ ጎረቤቴም ያወርደዋል አለችው። ማስረሻ መልሱ ደስ አለው። በተለይ አንዱን ንድፍ፣ የግራር እሾህ የመሰለውን፣ መነጽሩን አድርጎ ብዙ አየው። መስመሩ አይንቀጠቀጥም።

ከዚያ ሊዲ ወደ እሱ ደብተር ተመለሰችና የመጀመሪያው ገጽ ለምን ባዶ እንደሆነ ጠየቀችው።

ነገራት። ፎቶ የለም ወይ አለችው። ፎቶ ሞልቷል፤ በሁሉም ላይ ሻርፕ አድርጋለች። ታዲያ አያስታውሱም ወይ ስትለው፣ ሦስት ረድፍ ይመስለኛል፣ ምናልባትም ሁለት፣ አላት። ሊዲ ባዶውን ገጽ እንደገና አየችው። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሮ የኖረ ሰው እንዲህ ሲል ማንም ግራ ይገባዋል።

«እህት የላቸውም?» አለች።

እህት አላት። ታላቅ እህቷ እንቁ ወለንጪቲ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ትኖራለች። ማስረሻ ገበያው ድረስ እየወረደ ወደሷ ሳይዞር የሚመለሰው በምክንያት ነው። ምክንያቱን ለሊዲ አልነገራትም። እሷ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ እንደሌላት፣ ንቅሳት ያላቸውን ሴት ቁጭ ብላ አነጋግራ እንደማታውቅ፣ አብራው ብትሄድ እንደምትወድ ነገረችው። እንቢ የሚልበት ቃል ሲፈልግ ቅዳሜ ደረሰ።

እንቁ በሯ ላይ ቆማ ከውሃ አመላላሹ ከመርዳሳ ጋር በኦሮምኛ ትቀላለድ ነበር። ማስረሻን ስታይ ቀልዱን አቋረጠች። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቀጥ ያለች፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል የምታደርግ። አንገቷ ላይ አራት ረድፍ ንቅሳት በግልጽ ይታያል። ስማ አስገባቻቸው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠቻቸው፣ ሊዲ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቀች፤ ከዚያ እጇን አጣጥፋ ጠበቀች።

ማስረሻ ደብተሩን ሰጣት። እንቁ ማንበብ አትችልም፤ ሥዕሎቹን ግን በጣቷ እየነካች አንድ በአንድ አየች። ይቺ የምንጃር ናት አለች፤ ይቺን ያው የኛዋ ነቃሽ ናት የነቀሰቻት አለች። ሊዲ ወንበሯን አስጠግታ ለምን እንደዚያ እንዳለች ትጠይቃት ጀመር። ማስረሻ ቀለል ሊለው ሲል እንቁ ቁጥር ስድስት ላይ ቆመች።

«ይሄ የኔ ነው።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«መቼ ሳልከው?»

«በአርባዋ ዕለት።»

«እኛ እህቴን ስናለቅስ አንተ አንገት ትቆጥር ነበር?»

ማስረሻ ቆጥሬያለሁ አለ። እንቁ ወደ ሊዲ ዞረችና፣ «እንዲህ ያለ ቤት ነው የተከራየሽው» አለቻት። ሊዲ ሳቋን ለመያዝ ውሃዋን ጠጣች።

እሱ ግን የመጣበትን ተናገረ። የመጀመሪያውን ገጽ ገልጦ አሳያት። የዘውድነሽን ንቅሳት እንዴት እንደነበር ከነገርሽኝ እስለዋለሁ፣ የማስታውሰው ሦስት ረድፍ ነው አላት።

«ሦስት ረድፍ አልነበረም» አለች እንቁ። «አንተ ያየኸው ጨለማ ውስጥ ነው።»

«ይሆናል።»

«ሸፍኚው ያላት ማን ነው?»

ሊዲ ቀና አለች። ማስረሻ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ይህን ጥያቄ ሦስት ዓመት ሸሽቶታል፤ መልሱን ባያውቀው ኖሮ ግን አይሸሸውም ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለእንቁ ሳይሆን ለሊዲ ተናገረ፤ እንቁ ታውቀዋለች። ሠላሳ ሰባት ዓመት ይሆነዋል። መልካሳ ላይ የሙከራው ሰብል የሚጎበኝበት የመስክ ቀን ተደርጎ ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም እንግዳ ተጠርቶ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ከነሚስቱ እንዲመጣ ተባለ። የባለሙያዎቹ ሚስቶች አንገት ንጹሕ ነው፤ ቀጭን የወርቅ ሐብል ብቻ ነው ያለበት። ማስረሻ ታፔላ ጸሐፊ ነው። ከቤት ሲወጡ በሩ ላይ ቆሞ፣ አንገትሽን ሸፈን ብታደርጊው አላት። ዘውድነሽ ወደ ውስጥ ተመለሰችና ሰማያዊ ሻርፕ አድርጋ ወጣች። እሱ ለዚያ ቀን ነበር ያለው። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ሻርፑን ቀን አላወለቀችም፤ ማታ የምታወልቀው መብራት ካጠፋች በኋላ ነው። አንድ ጊዜ ሊጠይቃት አስቦ ተወው። ከዚያ ዓመቱ ሄደ።

«ከመሸፈኗ በፊት አራት ዓመት አብረሃት ነበርክ» አለች እንቁ። «ያኔስ?»

«ያኔ አላየሁትም። ሁሉም ሴት ነበረው።»

እንቁ ይህንን መልስ የጠበቀች አትመስልም። ሊዲ ወንበሯን ይበልጥ አስጠጋች።

«እማማ፣ ምን ነበር ያለው?»

«ሐዲድ» አለች እንቁ።

አባታቸው ከመንዝ የመጣ የሐዲድ ጠጋኝ ነበር። ቤታቸው ከመስመሩ ሃያ እርምጃ አይርቅም። ነቃሿ በገበያ ቀን ከምንጃር መጥታ ጥላሸቷንና የታሰሩ መርፌዎቿን ስትዘረጋ፣ እንቁ እናቷ የመረጠችላትን ተነቀሰች። ዘውድነሽ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እኔ የምነቀሰውን እኔ ነኝ የምስለው አለች። አቧራ ላይ በእንጨት ሁለት መስመር ጫረች፤ በመካከሉ የሐዲዱን አግዳሚ እንጨቶች፣ ርብራቦቹን፣ አንድ በአንድ አስገባች። ነቃሿ በሳቅ ሞተች፤ ሰው መስቀል ይነቀሳል፣ ሰንሰለት ይነቀሳል፣ ባቡር አንገቱ ላይ የሚያስኬድ የት ታይቷል አለች። ዘውድነሽ እንቢ አለች። ችግሩ ሰው የራሱን አንገት ማየት አይችልም፤ ቤቱ ውስጥም መስተዋት የለም። ስለዚህ ከአቧራው ወደ አንገቷ በጥላሸት የገለበጠችው እንቁ ነበረች። ነቃሿ የወጋችው ያንን ተከትላ ነው።

ማስረሻ እርሳሱን ሰጣት። እንቁ ተቀብላ ደብተሩ ላይ ጎንበስ አለች። የመጀመሪያው መስመር ጠመመ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሄዶ ነካው። አጠፋውና እንደገና ሰጣት። ያው ሆነ። እርሳሱን አስቀመጠች።

«ወረቀት እጄ አያውቀውም» አለች። «እኔ የሳልኩት አንገት ላይ ነው።»

ሊዲ ቦርሳዋን ከፈተች። የኩል እርሳሷን አውጥታ ለእንቁ ሰጠቻት፤ የሸሚዟን ሁለት ቁልፍ ፈትታ ፀጉሯን በእጇ ሰብስባ ወደ ላይ ያዘች። እንቁ ኩሉን በጣቷ ጫፍ ሞከረችው። ከዚያ በግራ እጇ የልጅቷን አገጭ ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው፤ ያኔም ያደረገችው እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ከቀኝ ጆሮ ሥር ጀምራ የላይኛውን መስመር በአንድ ትንፋሽ አወረደች። የታችኛውን አስከተለች። ከዚያ ርብራቦቹን ታስገባ ጀመር፤ አጫጭር፣ እኩል የተራራቁ። ሊዲ ይኮረኩረኛል አለች። ዝም በይ ተባለች።

ማስረሻ ያይ ነበር። ሦስት ጊዜ አይቶ ዓይኑን መስበር የለመደ ሰው፣ አሁን ማንም አትይ ሳይለው፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ከአንድ ክንድ ርቀት አየ። ርብራቦቹን ቆጠረ። ሃያ ሦስተኛው ላይ፣ የግራ ጆሮ ሳይደርስ፣ እንቁ ኩሉን አነሳች።

«አለቀ?» አላት።

«አላለቀም። እዚህ ሲደርስ ትኩሳት ያዛት፤ እናታችን ነቃሿን አባረረቻት።» ኩሉን በሁለት ጣቷ እያሽከረከረች ሊዲን አየቻት፤ ሊዲን ግን አልነበረም የምታየው። «ዙሪያውን እንዲሄድ ነበር የፈለገችው። ሲድን ይቀጠላል ስትል አገባች።»

ማስረሻ ደብተሩን አንስቶ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሳለው። አልቸኮለም። ሁለቱን መስመር አሰመረ፤ ሃያ ሦስቱን ርብራብ አስገባ፤ መስመሩን የቆመበት ላይ አቆመው። ሊዲ ፀጉሯን እንደያዘች ክንዷ እስኪዝል ጠበቀችው። ሲጨርስ ለእንቁ አሳያት። እንቁ ሥዕሉንና የልጅቷን አንገት አስተያየች፤ አንዷን ርብራብ ወፈረች ብላ አሳረመችው። አረመ።

የመጣበት ጉዳይ አልቋል። ወደ አዳማ የሚመለሱ ታክሲዎች ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ይሳሳሉ። ሊዲ ሸሚዟን ሳትቆልፍ በስልኳ አንገቷን ታያለች። ማስረሻ ግን አልተነሳም። አሥራ ሦስት ዓመት የሆናት ልጅ አቧራ ላይ ተቀምጣ ከእንጨት በቀር ምንም ሳይኖራት ሐዲድ ስታሰምር እያሰበ ነበር፤ ይቺን ልጅ አያውቃትም። ቤቱ ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት ስትገባና ስትወጣ አንድ ቀን ምን ትወጃለሽ ብሎ አልጠየቃትም።

አዲስ ገጽ ገለጠ።

«እትዬ» አለ፣ «ሌላስ ምን ትስል ነበር?»

እንቁ ይገባው እንደሆነ የምትመዝን መሰለች። ከዚያ ኩሉን በምላሷ አራሰችና የሊዲን እጅ ጉልበቷ ላይ አሳርፋ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበችው።