ሠራተኛ ቁጥር አራት

"እስቲ ደግሞ አራተኛውን አውጪው" አለ ደምመላሽ ከኢስራ ወንበር ኋላ ቆሞ።

ኢስራ ቁጥር አራትን ከሞዴሉ አወጣችው። ስክሪኑ ላይ ያለው የሙከራ ፕሮጀክት ያለ እሱ ተጀመረ፤ ያለ እሱም በቀኑ አለቀ።

"አየሽ? ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው። ቅድም አንቺን ስናወጣሽ ግን ሥራው ገደል ገባ።"

ቁጥር አራት ሙሄዲን ነው። የኮምቦልቻው ትልቅ ደንበኛ ውሉን ካቋረጠ ወዲህ ደሴ ያለችው ይህች ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት አንድ ሰው መቀነስ ግድ ሆኖባታል። ባለቤቱ ደምመላሽ ፍርዱ ከሱ አፍ እንዲወጣ አልፈለገም። የእያንዳንዱን ፕሮግራመር የአሠራር ጠባይ አስመስሎ የሚያሳይ ሞዴል እንድትሠራ ኢስራን አዘዛት፤ ይሉኝታ እንዳይገባበትም በስም ፈንታ ቁጥር አስደረገ። እሷም ማን ምን ያህል ኮድ እንደጻፈ፣ ማን እንደሚዘገይ፣ ማን እንደሚሳሳት ኮምፒውተሩ ከመዘገበው ለቃቅማ ሠራችው።

ኮምፒውተሩ የቢሮውን ደቦ አያውቅም። አንዱ ሲቸግረው ሙሄዲን ወንበር ስቦ አጠገቡ ይቀመጥና ኪቦርዱን ይቀበለዋል። ሥራው የሚመዘገበው ግን በባለኮምፒውተሩ ስም ነው። በኢስራ ስም ካለው ገሚሱ የሱ ነው። ይህን ብትናገር የሷ ቁጥር ይወርዳል፤ ደምመላሽ ቃል የገባላት የቡድን መሪነትም ይቀራል። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና ሞዴሉ ውስጥ አላስገባችውም።

"ሞዴሉ የማያየው ነገር ይኖራል" አለች በደከመ ድምፅ።

"ምን ለምሳሌ?"

ኢስራ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተከለች። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ደመወዝተኛ ሳይሆን አይቀርም።

"እንግዲያው ሪፖርቱን አሁኑኑ ላኪልኝ" ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ።

ሪፖርቱ ግን አልወጣም አለ፤ ግራፉ ባዶ ይሆንባታል። ከሱ ጋር ስትታገል ሙሄዲን ከጁምዓ ሶላት ተመልሶ ገባ።

"ምነው ፊትሽ ጠቆረ፣ ኢስራ?"

"ግራፉ እምቢ አለኝ።"

"አብሽሪ! እስቲ ወዲህ በይው።"

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ልትከለክለው ፈለገች፤ ምን ብላ ትከልክለው? ጥቂት አነበበና አንዲት መስመር አስተካከለ። ግራፉ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

"ይሄ አራተኛው ማነው?" አለ እየሳቀ። "ወላሂ፣ ምንም ሥራ የለው። ሚስኪን! ቤተሰብ ይኖረው ይሆን?"

ሚስቱ ዘሀራ ከአራስ ቤት ገና አልወጣችም። ኢስራ ራሷን ጠላች።

"ሰው አይደለም" አለችው። "ለምሳሌ ያህል ያስገባሁት ነው።"

"እኔማ የእውነት ሰው መስሎኝ ደንግጬ ነበር። በይ ላኪው እንግዲህ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" ብሎ ማውዙን ወደሷ ገፋላት።

ኢስራ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

"አንተው ላከው፣ ሙሄ" አለችው።